ኮንዶሚኒየም ላይ ሕፃን ልጅ ይዞ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ወይም በሌላ ፎቅ ቤት ከልደት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ለሚያሳድጉ ነው። አብዛኛው መልስ የሚያተኩረው በልጁ ጠባይ ላይ ሳይሆን በቤቱ አያያዝ ላይ ነው፤ አንዴ በደንብ የተስተካከለ ቤት ቀኑን ሙሉ «ተው! ውረድ! አትንካ!» ከማለት ያሳርፋል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። በረንዳውን ምን እናድርገው?

በሩን ቆልፈናል ብላችሁ አትተማመኑ። ልብስ ልታሰጡ በወጣችሁበት ቅጽበት ክፍት ይቀራል። መጀመሪያ በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሜትር ከሌላችሁ፣ የአዋቂ ጭብጥ እንደልብ የሚያልፍበት ክፍተት ሰፊ ነው ብላችሁ ያዙት። ቀጥሎ የብረቶቹን አቅጣጫ እዩ። ቁም ብረት ለመንጠላጠል አይመችም፤ አግድም የተበየደ ብረት ግን ለሁለት ዓመት ልጅ መሰላል ነው። የእናንተ እንዲህ ከሆነ በያጅ ጠርታችሁ ላሜራ ወይም ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ከውስጥ በኩል አስመቱ። በያጆች ለእይታ ስለሚያምር ከውጭ በኩል መምታት ይወዳሉ፤ ያኔ አግድም ብረቱ ለልጁ እግር እንደተመቸ ይቀራል፣ ገንዘቡም በከንቱ ወጣ ማለት ነው። የዶሮ ቤት ሽቦም አይሆንም፤ የልጅ እግር ጣት ያስገባል፣ ሲደገፉትም ይለጠጣል።

ከብረቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ችግር የሚሆነው ከሥሩ የሚቀመጠው ዕቃ ነው። ውሃ የሚጠራቀመው በረንዳ ላይ ስለሆነ ጀሪካኖቹ ብረቱን ተደግፈው ይደረደራሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁመት አለው። 1 ሜትር ከ10 የነበረው ብረት፣ ጀሪካኑ ላይ ለወጣ ልጅ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ ይህ የሦስት ዓመት ልጅ ደረት አካባቢ ነው። ጀሪካን፣ የቢራ ሳጥን፣ ዱካ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሁሉ ከብረቱ 1 ሜትር ይራቅ። በረንዳው ጠባብ ከሆነ ወደ ቤት ይግባ። ቤት ይጠባል፤ ቢሆንም ይግባ።

መስኮትም እንዲሁ ነው። ከሥሩ አልጋ ወይም ሶፋ አታስቀምጡ። ቦታ ከሌለ መስኮቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይከፈት በአጭር ሰንሰለት እሰሩት። የትንኝ መከላከያ መረብ ልጅ አይችልም። የመውጫው በር ላይ ከአዋቂ ትከሻ በላይ አንድ መቀርቀሪያ ይጨመር፤ እንግዳ ሲሸኝ ተከትሎ የወጣ ልጅ ደረጃው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ለልጅ የሚሆነውን እንዴት እናጠራቅም?

ቧንቧው ከቀናት በኋላ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ደፍርሶ ነው። እሱን ለሽንት ቤትና ለወለል ያዙት፤ ከጠራ በኋላ የመጠጡን ሙሉ። ለአራት ሰው ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ ብቻ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡ። ውሃው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ለዚህ ብቻ አራት ጀሪካን ይዛችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ ሌላ ነገር አይቀዳባቸው።

ውሃው የሚበከለው ቤት ከገባ በኋላም ነው። ባልዲ ውስጥ ጣሳ እየነከሩ መቅዳት የሁሉንም ሰው እጅ ውሃው ውስጥ መንከር ነው። አፈ ጠባብ ጀሪካን ወይም ቧንቧ የተገጠመለት ክዳን ያለው ባልዲ ተጠቀሙ። ልጁ የሚጠጣውን ውሃ አፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተዉት። በፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። ማፍላት ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለል፤ በድፍርስ ውሃ ላይ ማከሚያው አቅሙን ያጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መራመድ የጀመረ ሕፃን ጭንቅላቱ ለአካሉ መጠን ከባድ ነው፤ ወደ ባልዲ ካጎነበሰ ተደፍቶ ይቀራል፣ ለመስጠምም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ድምፅ አያሰማም። ክፍት ባልዲና ሳፋ መሬት ላይ አይደር፣ የመታጠቢያ ቤቱም በር ይዘጋ።

በረኪና የት እናስቀምጥ?

ከቦታው በፊት ዕቃው። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ይሸጣል፤ ልጁ ደግሞ ከዚያው ዓይነት ጠርሙስ ውሃ መጠጣት ለምዷል። ነጭ ጋዝም ብዙ ቤት እንደዚሁ ነው የሚቀመጠው። ገዝታችሁ እንደገባችሁ ለመጠጥ ወደማይሆን፣ ቀለሙና ቅርጹ ወደተለየ ጠንካራ ዕቃ ገልብጡት፤ ከዚያ ከቁም ሣጥን በላይ ወይም ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡት። ከልብስ ማጠቢያው ሥር ማለት ልጁ እጅ ላይ ማለት ነው። የአይጥ መርዝ ግን ሕፃን ያለበት ቤት ባይገባ ይመረጣል።

ልጁ ጠጥቶ ከተገኘ አታስመልሱት። በረኪና ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ጊዜ ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ወደ ሳንባ ይገባል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡትና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሕክምና ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መኪና ቅርብ ከተገኘ ግን አምቡላንስ አትጠብቁ።

ቡና የምናፈላው በከሰል ነው። ጭሱ ካለቀ በኋላ ቤት ቢገባ ምን ችግር አለው?

ሰውን የሚጎዳው የሚታየው ጭስ ብቻ አይደለም። ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ይለቃል፤ «ፍም ሆኗል፣ አሁን ይግባ» የሚባለው ከሰል ገና አደገኛ ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍሎች ጠባብ ናቸው፣ ብርድ ሲሆን መስኮቱ ይዘጋል፣ እንደ ጭቃ ቤት በጣሪያ በኩል የሚተነፍስበት ቀዳዳም የለም። ከሰል የሚያስፈልግ ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን፤ ቤት ከገባ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉ ሁለት መስኮቶች ወይም በርና መስኮት ክፍት ይሁኑ። መኝታ ክፍል ፈጽሞ አይገባም። ሕፃን ሲታጠብ ክፍሉን ለማሞቅ፣ አራስ ቤትን ለማሞቅ ተብሎ የሚገባው ከሰል ዋናው ችግር ነው፤ በሩ ተዘግቶ፣ ሕፃኑና እናቱ ተኝተው። ምድጃው የመብራት ቢሆን ለቡናውም ለእናንተም ይሻላል።

ቤት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ ከተሰማው ከሰል ነው ብላችሁ ያዙት። ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሕፃኑ ነቅቶ እንደወትሮው ካልሆነ ወደ ሐኪም።

ሌላው የቡና ነገር ማቃጠል ነው። ረከቦቱ መሬት ላይ፣ ጀበናው ፍም ላይ፣ ልጁም መሬት ላይ። ቡናው እስኪያልቅ ልጁ በአንድ ሰው እቅፍ ይሁን ወይም ረከቦቱ ጥግ ይያዝና ሰው በፊቱ ይቀመጥ። የመብራት ምጣድም ከጠፋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው። ልጁ ከተቃጠለ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ቧንቧ ከሌለ ከጀሪካን በጆግ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት አትቀቡ፤ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት መጀመሪያ እነሱን መፋቅ ይኖርበታል።

ስድስት ወር ሞላት። ምጥን እናስፈጭ? ስንት ዓይነት እህል?

አሥራ አምስት ዓይነት አያስፈልግም። እህል በበዛ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል የሚለው ከገበያ የመጣ ነው፤ የማይስማማት አንድ ነገር ቢኖር የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ሦስት እጅ እህል (ለምሳሌ ገብስ፣ አጃ፣ ጤፍ) ለአንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽምብራ ወይም ምስር) ይበቃል። ጥራጥሬው ተቆልቶ ልጣጩ ይነሣ። ኦቾሎኒ ከጨመራችሁ አንድ በአንድ ልቀሙት፤ የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የጨመተረ ፍሬ መርዝ ያለው ሻጋታ ሊይዝ ስለሚችል ይጣል። በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ አስፈጩ፤ የስድስት ወር ዱቄት አስፈጭቶ በክረምት እርጥበት ማስቀመጥ ሻጋታ መጋበዝ ነው።

አሠራሩ፦ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ በሚፈላ ውሃ ላይ ጨምሩ፣ እያማሰላችሁ በዝግታ እሳት 10 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉ። ከወረደ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ፣ በሌላ ቀን የተቀቀለና የተፈጨ እንቁላል። ውፍረቱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ የሚቀጥን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ወዲያው የማይፈስ ይሁን፤ በማንኪያም ይሰጥ።

መጠኑ በሁለትና በሦስት ማንኪያ ይጀምራል። እስከ 8 ወር ድረስ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ ግማሽ ስኒ (የቡና ስኒ ሳይሆን 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፤ ግማሹ 125 ሚሊ ሊትር) ይደርሳል፤ ከ9 እስከ 11 ወር ያው ግማሽ ስኒ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከሩብ ጎዶሎ እስከ ሙሉ ስኒ። ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ማር ከአንድ ዓመት በፊት አይሰጥም። ሻይም አይሰጥ፤ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል።

ቆሎ፣ ሙሉ ኦቾሎኒና የተቆላ ሽምብራ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ ትንፋሽ ይዘጋል። ጎረቤት በፍቅር ከእጁ ላይ የሚያቀብለው ይሄንኑ ስለሆነ አስቀድሞ መናገር ነው።

የሁለት ዓመት ልጃችን ምግብ እምቢ አለ።

በመጀመሪያ በእርግጥ አልበላም ወይ? ከትልቁ ትሪ ላይ እየዞረ ጉርሻ የሚቀበል ልጅ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም። እናት አጎረሰች፣ አያት አጎረሱ፣ የቀረው ሰው ሁሉ «ምንም አልበላም» ይላል። የራሱ ትንሽ ሳህን ይኑረው። ከዚያ ወተቱን ቁጠሩ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ የላም ወተት የሚጠጣ ልጅ የሚርበው የለም። ከምግብ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ብስኩትና ጁስ ይቅር። ሲጠግብ አፉን ከዘጋ ትሪው ይነሣ፤ በግድ የተጎረሰ ልጅ ማንኪያ ሲያይ ማልቀስ ይለምዳል። ክብደቱ በጤና ጣቢያው ካርድ ላይ እየጨመረ ከሆነ አትጨነቁ። ለሁለት ወር ከቆመ ወይም ከቀነሰ ግን ይታይ።

ቤቱ ሲጾም ልጁስ?

በኦርቶዶክስ ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይገደድም። ችግሩ እምነቱ ሳይሆን ማጀቱ ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤት ውስጥ እንቁላል የማይቀቀል ከሆነ ልጁም ሳይታሰብ ይጾማል። ለእሱ የተለየች ትንሽ ድስትና ማንኪያ መድቡ፤ እንቁላልና ወተት በእሷ ብቻ ይሠሩ።

ተቅማጥ ይዞታል። ጎረቤቶች «ጥርስ ነው» ይላሉ።

ጥርስ ማብቀል እንዲህ ያለ ተቅማጥ አያመጣም። ልጁ በዚያ ዕድሜ መሬት ላይ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ያስገባል፤ ተቅማጡ ከዚያ ነው። «ግግ» ተብሎ ድዱን ማስቆረጥ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ በፍጹም አይደረግ።

ኦአርኤስ ግዙና ፓኬቱ ላይ ያለውን መጠን አንብቡ፤ አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው። ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ለክታችሁ ፓኬቱን በሙሉ ጨምሩ። በግምት ግማሹን ብርጭቆ ላይ መበተን የተለመደ ነው፤ ውሃው ካነሰ ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳል። ስኳርም ሆነ ጁስ አይጨመርበት። 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200። በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ስጡት፤ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቀጥሉ። ጡቱም ምግቡም አይቋረጥ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10ኛው ቀን ይዋጣል፤ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ይተወዋል።

ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰ ቤት አትቆዩ።

ክረምቱን በሙሉ ጉንፋን አልለቀቀውም። መቼ ነው ሐኪም ጋ የሚኬደው?

ንፍጥና ሳል ብቻውን አያስሮጥም። ልጁ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ ደረቱን ገልጣችሁ ትንፋሹን ለሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ይሂድ። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ካተኮሰው ሳይቆጠርም ይሂድ።

ለትኩሳት ፓራሲታሞል በኪሎ ይሰላል፤ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ለ10 ኪሎ ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም በሚለው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ። 250 የሚልም አለ፤ ጠርሙሱ ሲቀየር ጽሑፉን ድጋሚ አንብቡ። የቤት ማንኪያ መጠኑ አይታመንም፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ተጠቀሙ። ለታላቁ ታዝዞ የተረፈ አንቲባዮቲክ ለታናሹ አይሰጥ።

ፀሐይ በመስኮት በኩል ማሞቅ ይበቃል?

አይበቃም። አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር በመስታወት አያልፍም። በረንዳችሁ የጠዋት ፀሐይ ካላገኘ ወደ ግቢ ውረዱ። ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ፣ በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ እስከ 20 ወይም 30 ደቂቃ፤ ፊቱ ከፀሐይ ዞሮ፣ እጅ፣ እግርና ጀርባው ተገልጦ። በፎጣ ተጠቅልሎ የወጣ ልጅ ሙቀት እንጂ ፀሐይ አላገኘም።

ሰፈር ቀይረናል። ክትባቱ እንዴት ይቀጥላል?

ካርዱን ይዛችሁ አዲሱ ሰፈር ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ክትባቱ ነጻ ነው። ልደት ላይ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያ ለኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር። የ15 ወሩ ነው የሚረሳው፤ እናት ሥራ ገብታለች፣ ልጁም ጤነኛ ነው። ቀን ካለፈ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም። ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ ኬጂ ሲመዘገብም ይጠየቃል። የልደት ምዝገባውንም ከተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ወረዳ ሄዳችሁ ጨርሱ።

ሰርቪስ በ1 ሰዓት ይመጣል። ምሳ ዕቃው እስከ 6 ሰዓት ሳይበላሽ እንዴት ይቆያል?

ሙቅ ይሁን ወይም ቀዝቃዛ፤ ለብ ያለው ነው የሚበላሸው። ፔርሙስ ምሳ ዕቃ ከሆነ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ ክደኑት፣ ውሃውን ድፉና የሚፋጅ ምግብ እስከ አፉ ሙሉት፤ ግማሽ የተሞላ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ሥጋ፣ ወተትና ክሬም ነክ ነገር ይቅር፤ ፍርፍር፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝ ይሻላል። የማታ ማካሮኒ ከተላከ ጠዋት እስኪንተከተክ ይሙቅ። ክዳኑን ልጁ ራሱ መክፈት መቻሉን ቤት ፈትኑ፤ ምሳው ሳይነካ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ስላልተከፈተ ነው።

ማታ 4 ሰዓት ድረስ አይተኛም።

ወላጅ ከትራንስፖርት ሰልፍ 2 ሰዓት ላይ ሲገባ ልጁ ሊያየው ይጠብቃል፤ ይህ ተፈጥሮ ነው። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የቀኑም ይቆጠራል። የቀን እንቅልፉ ከ9 ሰዓት በኋላ እንዳይዘልቅ ለሞግዚቷ ንገሩ። እራቱ ወላጅ ሳይጠበቅ በ12 ሰዓት ተኩል ይሰጥ፣ የወላጁ ሰዓት ደግሞ እጅና እግር ማጠብና ማስተኛት ይሁን። ቴሌቪዥኑ ያኔ ይጥፋ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ስልክ ባይሰጥ፣ ከዚያ እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ።

ግቢ ውስጥ ብቻውን ይጫወት?

ከ5 ዓመት በታች፣ አይሆንም። ጥበቃው በሩን ነው የሚያየው። አደጋው ወደ ኋላ የሚሄድ መኪናና ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው፤ ከመኪና ኋላ የተቀመጠ ልጅ ለሾፌሩ አይታይም። ጉድጓዱን ለብሎኩ ኮሚቴ አመልክቱ፤ እስኪከደን በድንጋይና በእንጨት ይታጠር። የሁለት ወይም ሦስት ቤት ወላጆች ተራ ገብተው አንድ አዋቂ ቢመድቡ ይሠራል።

ዳይፐር ሽንት ቤት ይጣላል?

አይጣልም፤ እርጥብ መጥረጊያውም ጭምር። ውስጡ ያለው ነገር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ የብሎኩ ቱቦ ደግሞ የጋራ ነው፤ የአራተኛ ፎቅ ዳይፐር የሚገነፍለው ምድር ቤት ነው። ዓይነ ምድሩን ሽንት ቤት አራግፋችሁ፣ ዳይፐሩን ጠቅልላችሁ በፌስታል አስራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አውጡ። ፖፖ ማስለመድ ልጁ ለሁለት ሰዓት ያህል ደርቆ መቆየት ሲችልና «መጣ» ማለት ሲጀምር ነው፤ ብዙዎቹ በ2 ዓመት አካባቢ። በክረምት አትጀምሩ፤ ሱሪው አይደርቅላችሁም።